እውነቱን ጠላት ሲናገረው

አንድ ወራሪ ደጃፋችን ላይ ቆሞ የሠራነውን በደል ቢዘረዝርብንና የዘረዘረውም እውነት ሆኖ ቢገኝ ምን እንለዋለን? ሐሰት ነው እንዳንል አላህ ያያል። እውነት ነው ብንል ደግሞ በሩን በገዛ እጃችን የከፈትንለት ይመስላል። ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የተፈጠረ አይደለም፤ በመካከለኛው እስያ ሙስሊሞች ላይ በተግባር ደርሷል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኺዋ ከአራል ባሕር በስተደቡብ፣ በአሙ ዳርያ ወንዝ አቅራቢያ፣ በጥንቷ ኸዋሪዝም ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ምድር ነው። ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ያለችው ይህች ከተማ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የኻኖች መናገሻ ነበረች። በእርሷና በሩሲያ ግዛት መካከል በችካል የተለየ ድንበር አልነበረም። የነበረው በረሃና ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነው። ቱርክመኖች በካስፒያን ባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆችን ይጠልፉ ነበር፤ ካዛኾችም ከኦረንቡርግ ምሽጎች አካባቢ ገበሬዎችንና ወታደሮችን እየያዙ ያመጡ ነበር። የሁለቱም ገበያ ኺዋ ነው።

በ1717 ቀዳማዊ ጴጥሮስ ልዑል ቤኮቪች ቼርካስኪን ብዙ ሺህ ጦር አስከትሎ ወደ ኺዋ ላከው። ሰውየው በካውካሰስ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልዶ ክርስትና የተቀበለ ነበር። ጥቂት ቀናት ከተዋጉ በኋላ ሺር ጋዚ ኻን እርቅ አወረደና እንግዶቹን ተቀበለ። ሠራዊቱ በአንድ ቦታ ቢሰፍር ቀለብ አይበቃውም በሚል በየመንደሩ እንዲከፋፈል አደረገ፤ ከተከፋፈለም በኋላ አስፈጀው። የተረፈው ባሪያ ሆነ። ይህን ታሪክ እንደ ጀብዱ የሚያወሩ አሉ። እርግጥ ነው፣ ቤኮቪች ጦር ይዞ ሰው አገር የገባ ነውና በሜዳ ቢዋጉት ማንም አይፈርድባቸውም። ነገር ግን ቃል ከተሰጠ በኋላ ነገሩ ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሑደይቢያ ውል ምክንያት በሰንሰለት ታስሮ የመጣውን አቡ ጀንደልን ሳይቀር እንደመለሱ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ያን ያህል ከባድ ነገር ነው ቃል ማለት።

ኢማም አል-ቡኻሪ በዘገቡት አንድ ሐዲስ አላህ በቂያማ ቀን ራሱ ባላጋራ የሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች ተጠቅሰዋል። አንዱ በአላህ ስም ቃል ገብቶ የሚያፈርስ፣ አንዱ ነፃ ሰው ሸጦ ዋጋውን የሚበላ፣ ሦስተኛው የሠራተኛን ደመወዝ የሚከለክል ነው። ሐዲሱን የሰበሰቡት ኢማም የተወለዱት በኺዋ ጎረቤት በቡኻራ ነበር። የቡኻራም ገበያ ቢሆን ሰው ይሸጥበት ነበር።

ሩሲያ በ1836 የኺዋ ነጋዴዎችን አግታ ምርኮኞቿ እንዲመለሱ ጠየቀች። በ1839 ክረምት የኦረንቡርጉ ገዥ ፔሮቭስኪ 5,000 ያህል ወታደርና 10,000 ያህል ግመል ይዞ ዘመተ። በረዶው መንገድ ላይ አስቀረው፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አልቆበት ተመለሰ። ልብ በሉ፣ በኺዋ ያሉትን ባሮች ነፃ አወጣለሁ ያለው ያ መንግሥት በዚያው ሰዓት በገዛ አገሩ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለባለርስቶች ገባር አድርጎ ያስገዛ ነበር። እነዚህ ገባሮች ይሸጡም ይለወጡም ነበር። ነፃ የወጡት በ1861 ነው።

ከዚያ እንግሊዞች መጡ። ሩሲያ ኺዋን ከያዘች ወደ ሕንድ ትቀርብብናለች የሚል ሥጋት ነበረባቸውና ሰበቡን ለማስቀረት መኮንኖቻቸውን ላኩ። በ1840 ሪችመንድ ሼክስፒር የተባለው መኮንን አላህ ቁሊ ኻንን አግባብቶ 416 ሩሲያውያን ይዞ ኦረንቡርግ ገባ። ኻኑም ከእንግዲህ ሩሲያዊ እንዳይማረክ አዘዘ።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። 416ቱ ሲወጡ በኺዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፋርሶች በባርነት ቀርተዋል። ከኾራሳን መንደሮች የተነጠቁ፣ ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ሰዎች ናቸው። ሩሲያ የጠየቀችው የራሷን ሰዎች ነው። እንግሊዝ የደከመችው ለሕንድ ነው። የኢራን ሻህ ደግሞ ኺዋን የሚያስፈራ ጉልበት አልነበረውም። ለእነዚህ ባሮች መቆም የነበረባቸው የከተማይቱ ዑለማዎች ነበሩ። ምክንያቱም ነፃ ሙስሊምን ባሪያ ማድረግ ክልክል መሆኑ ዑለማዎች የማይለያዩበት ጉዳይ ነው። ታዲያ እንዴት ተሸጡ? ሳፋውያን ኢራንን ሺዓ ካደረጉ ወዲህ አንዳንድ የመካከለኛው እስያ ሱኒ ሊቃውንት እነዚህ ሰዎች ከእስልምና ወጥተዋልና መማረክም መሸጥም ይቻላል የሚል ፈትዋ ሰጥተው ነበር። ከሺዓ ጋር ያለን የዓቂዳ ልዩነት የታወቀ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ነገር ግን ነጋዴው የሚፈልገውን ፍርድ ሊቁ ሲጽፍለት፣ ካፊር የማለት ብዕር የገበያ ሚዛን ሆነ። ሰውን በቀላሉ ከዲን ማስወጣት ዛሬም ለሚቀናቸው ወጣቶቻችን ይህ ምሳሌ ቢነገራቸው ይጠቅማል።

በ1873 ሩሲያ በጄኔራል ካውፍማን መሪነት ከታሽከንት፣ ከኦረንቡርግና ከካስፒያን በኩል ዘምታ ኺዋን ያዘች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ መልእክተኛዋ ሹቫሎቭ ለንደን ሄዶ ኺዋን ለመጠቅለል አሳብ የለንም ብሎ ነበር። ከድሉ በኋላ ግን የአሙ ዳርያን ቀኝ ዳርቻ ወሰደች። ኻኑ ሙሐመድ ረሂም የንጉሠ ነገሥቱ ታዛዥ አገልጋይ ነኝ ብሎ እንዲፈርም ተደረገ፤ 2,200,000 ሩብልም ተጫነበት። እንደምናየው ቃል ማፍረስ የሺር ጋዚ ብቻ አልነበረም።

በወረራው ሰሞን ካውፍማን ባርነት እንዲቀር አደረገ። ፋርሶቹ ነፃ ወጡ። ይህ እውነት ነው፤ መካድም አይገባም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይኸው ጄኔራል ዮሙድ በተባሉት ቱርክመኖች ላይ በአጭር ቀናት ውስጥ 300,000 ሩብል እንዲከፍሉ ጣለባቸው፤ ጦርም አዘመተባቸው። መንደሮች ተቃጠሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ተገደሉ። ይህን በዓይኑ አይቶ የጻፈው ማክጋሃን የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። ከሩሲያ ጦር ጋር የመጣ፣ መኮንኖቹን የሚወድ፣ ከማዕዳቸው የበላ ሰው ነበር። ሆኖም ያየውን ጻፈ። በዚህ ሙያ ላይ ላለን ሙስሊሞች የሚያሳፍር ነገር አለው። ቁርኣን በሱረቱ-ኒሳእ 135ኛ አንቀጽ በራሳችንና በቤተሰባችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር ያዘዘው እኛን ነበርና።

አንዳንድ ወንድሞች «የኺዋን ባርነት ማንሳት ለካውፍማን ጥብቅና መቆም ነው» ይላሉ። አይደለም። ክሱ እውነት መሆኑ ከሳሹን ዳኛ አያደርገውም፤ ለዮሙድ ሕፃናት መቃጠልም ምክንያት አይሆነውም። እኛም አገር ይህ ሙግት አዲስ አይደለም። በ1935 ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ባርነት አለ የሚል ሰነድ ለመንግሥታት ማኅበር አቅርባ ወረረችን። ባርነት መኖሩ ሐሰት አልነበረም፤ የመርዝ ጋዙ ግን ባሪያና ጌታ አልለየም። ያም ሆኖ የወራሪው ግፍ የባሪያ ፈንጋዩን ግፍ አያጥበውም። የተበደለው ሰው ሁለቱንም ያውቃል።

ያ ከኾራሳን የተሰረቀ ፋርስ ነፃነቱን ያገኘው ከሰው አራጅ እጅ ነው። ለካውፍማን ዱዓ ያድርግለት? ወይስ «ሙስሊም ወንድሞቼ እስኪፈቱኝ ልታገሥ» ይበል? ይህን መልስ ከእርሱ የመጠየቅ መብት ያለን አይመስለኝም። በ1840 ሩሲያውያኑ ሲወጡ ቆሞ ያየ ሰው ከሆነ 33 ዓመት ታግሷል። በእነዚያ 33 ዓመታት በኺዋ ገዥው ሩሲያዊ ጄኔራል አልነበረም። መስጊዶቹ አዛን ይሉ ነበር፣ መድረሳዎቹም ኪታብ ያስቀሩ ነበር፣ ገበያውም ክፍት ነበር።