ስለ ማን እንሰለፍ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የጽጌ ወር በመጣ ቁጥር አንድ ታሪክ እንማራለን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታ መሰደዷን እናስባለን፤ በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን ደግሞ ቁስቋምን እናከብራለን። ይህ ታሪክ ለእኛ ለጣና ዳር ልጆች ሩቅ አይደለም። በስደቷ ወራት ጣና ቂርቆስ እንዳረፈች ከአባቶች እየሰማን አድገናል። በሕፃንነታችን ታንኳ ሲያልፍ ባየን ጊዜ «እርሷንስ ያሻገራት እንዲህ ያለ ታንኳ ይሆን?» እያልን እንጠያየቅ ነበር።

ባለፈው የጽጌ ወር ከጉባኤ በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሣ። ክርስቲያን ወጣት ስለ ስደተኞች መብት ሰላማዊ ሰልፍ ሊወጣ ይገባዋልን? ክርክሩ እስኪመሽ ዘለቀ። በዚህ ጽሑፍ የደረስንበትን ለእናንተ ለማካፈል እንሞክራለን።

ጥያቄው እንዲያው የመጣ አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ስታስወጣ በወገኖቻችን ላይ ድብደባና ሞት ደርሶ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዋሽንግተንና በለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ተሰለፉ። በአዲስ አበባ የወጡትን ግን ፖሊስ በትኖ ብዙዎቹን አሰረ። ዕለቱ ኅዳር 6 ነበር፤ የስደተኛዋ እናት በዓል፣ ቁስቋም።

በ2007 ዓ.ም. በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ደግሞ በሊቢያ የኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ስደተኞች መገደል ተሰማ። ሚያዝያ 14 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ በመስቀል አደባባይ ለሐዘን ተሰለፈ። ነገር ግን ድንጋይ ተወረወረ፤ አስለቃሽ ጭስም ተተኮሰ፤ ለቅሶ የነበረው ግርግር ሆነ።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ሰልፍ ምን ይፈይዳል?» ይላሉ። ይህን በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። በከተማችን ሰልፍ ቀላል ቃል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በሌላ ጉዳይ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር ሰልፍ ከወጡት መካከል ብዙዎች ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰለፍን መብት ቢጽፍም፣ መብቱ በወረቀት ላይ መኖሩ እናትን ከሐዘን አያድንም። ስለዚህ የሚፈራውን ወንድማችንን ፈሪ አንለውም።

ይሁን እንጂ ሰልፍ ከንቱ ነው ማለትም እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ያለ ፈቃድ መኖርን ከባድ ወንጀል የሚያደርግ፣ እንዲህ ያለውን ሰው የረዳንም የሚያስቀጣ ረቂቅ አጸደቀ። የሎስ አንጀለስ ካርዲናል ሮጀር ማሆኒ እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ ካህናቶቻቸው እንዳይታዘዙት እንደሚነግሩ አስታወቁ። በ2006 የጸደይ ወራት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በየከተማው አደባባይ ወጡ። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ሰልፈኞቹ የለመኑት የመኖሪያ ፈቃድ ግን አልተሰጣቸውም። እንግዲህ ሰልፍ ክፉውን ሊያቆም ይችላል፤ መልካሙን ለማምጣት ግን ብቻውን አይበቃም።

ሌሎች ደግሞ «የክርስቲያን ድርሻ ጸሎት ነው» ይላሉ። እኛም ጸሎትን አናቃልልም። ነገር ግን ምህላ ስንቆም ብቻችንን እንቆማለንን? ዝናም ሲጠፋ፣ መቅሠፍት ሲመጣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድነት ወጥቶ እግዚኦ ይላል። በአንድነት መቆም ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ሳንጮህም ይሰማል፤ ባለሥልጣን ግን ብዙ ጊዜ ካልተነገረው አይሰማም።

ሦስተኞቹ «ማን ሂዱ አላቸው? ሕገ ወጥ መንገድ የመረጡ ራሳቸው ናቸው» ይላሉ። በዚህ ላይ ግን እንከራከራለን። ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድ በመንግሥት ተከልክሎ ነበር። በሩ ሲዘጋ ግን ችግሩ አብሮ አልተዘጋም፤ ሰዉ በመተማ በኩል በበረሃው፣ በምሥራቅም በባሕሩ መሄዱን አልተወም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የወጣው ሕጋዊውን መንገድ ለማበጀት ነው። ሰው በቀዳዳ ሾልኮ ሲሄድ ከመፍረድ በፊት በሩ ክፍት እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል።

ደግሞስ እኛ ፈራጆች ለመሆን ንጹሕ ነንን? ከዘማሪዎቻችን አንዱ በመተማ በኩል ሊሄድ በተነሣ ጊዜ ገንዘብ ካዋጣንለት መካከል ነበርን። ፍቅር መስሎን ነበር። ገንዘቡ ለደላላ እንደሚከፈል እያወቅን አልጠየቅንም። ከሱዳን አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። እናቱን በቅዳሴ ባየናቸው ቁጥር አንገታችንን እንደፋለን። ያን ገንዘብ እዚሁ ለሚነግድበት መነሻ ብናደርገው ኖሮ እያልን እንጸጸታለን።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሱዳናውያን በዚያው በመተማ በኩል ወደ እኛ ክልል ሸሽተው መጥተዋል፤ የእኛ ልጆች የሚወጡበት መንገድ ለእነርሱ መግቢያ ሆነ። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው የስደተኞች አዋጅ የስደተኛን የመሥራትና የመዘዋወር መብት ጽፋለች። ይሁንና በምዕራብ ጎንደር በአውላላ መጠለያ የነበሩት ዝርፊያና ጥቃት ስለ በዛባቸው፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሺህ ያህሉ ከመጠለያው ወጥተው በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆማቸው፤ እነርሱም በመንገድ ዳር ሜዳ ላይ ሰነበቱ።

ያም ሰልፍ ነበር። ያለ መፈክር፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ያሉበት ሰልፍ። እኛ በዚያ ሳምንት ምን አደረግን? ምንም። በጉባኤያችን እንኳ ስማቸው አልተነሣም። ሪያድ ላይ ለእኅታችን የምንጠይቀውን ፍትሕ አውላላ ላይ ለሰው እኅት አልጠየቅንም።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ስለ ስደተኛ መሰለፍ ይገባል፤ የሚሰለፈው ግን ሁለት ነገር ሊያሟላ ይገባል። አንደኛ፣ ድንጋይ ያልያዘ እጅና ጥላቻ የሌለበት ልብ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ለወገኑ የሚለምነውን በደጁ ላለው እንግዳ የማይነፍግ ይሁን። የራሱን ሰው ብቻ አይቶ የሚጮኽ ለዘመዱ አለቀሰ እንጂ ስለ ፍትሕ አልተናገረም። ለዘመድ ማልቀስ ኃጢአት አይደለም፤ ግን ከዚያ ማለፍ አለብን። የግብፅ ሰዎች እመቤታችንን «ዘመዳችን አይደለችም» ብለው ቢመልሷት ኖሮ ማን ይፈርድላት ነበር?

በዚህ ያልተስማሙ ጓደኞች አሁንም አሉን፤ እነርሱም ሐሳባቸውን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉ እንጋብዛለን። ሁላችን የተስማማንበት ግን አለ። ለደላላ የሚሆን ገንዘብ ዳግመኛ አናዋጣም፤ ከስደት የተመለሰውን «ምን ይዘህ መጣህ?» ብለን አንጠይቅም፤ በከተማችን የእንግዳ ቋንቋ የሚናገር ስደተኛ ብናይ ሰላምታ ከእኛ ይጀምራል። ቁስቋምን ስናከብርም በአውላላ መንገድ ዳር የሰነበቱትን እናቶች በጸሎታችን እንጠራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።