ውሉን ሳትይዝ አትጠቅልል

ልጄ፣ ጣና ዳር አሣ ማስገር ጀመርክ ሲሉኝ ደስ አለኝ። መረብህ ግን ባደረ ቁጥር እየተተበተበ ጠዋቱን ሙሉ ስትፈታ ትውላለህ መባሉን ስሰማ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የንፋስ መውጫ ሰው ነኝ፣ መረብ ጥዬ አላውቅም። ዕድሜዬን በሙሉ ግን አህያና በቅሎ ስጭን ኖሬአለሁ፤ ገመድ የሚወደውንና የሚጠላውን አውቃለሁ።

አያትህ መጫኛ ሲያወጣ ከበሬ ቆዳ ነበር። ቆዳውን ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን ሳይበጥስ ይተለትለዋል፣ አንድ ረጅም ጠፍር ይሆናል፣ ከዚያ በቅቤ እያሸ ያለፋዋል። ያን ያህል የተደከመበትን ነገር ማታ ከአህያዋ ጀርባ አውርዶ ጥግ ላይ የሚወረውር ልጅ ያስቆጣው ነበር። እኔ ያ ልጅ ነበርኩ። አንድ ክረምት ድንች ልንጭን ሌሊት ተነሣን፤ መጫኛው እርጥብ እንደሆነ ተከምሮ አድሮ እርስ በርሱ ተተብትቧል። ዝናቡ መጣ፣ ጓደኞቻችን ቀደሙን፤ እኔም በቢላዋ ቆረጥኩትና ቋጠርኩት። ጨጨሆ ቁልቁለት ላይ ቋጠሮው ተፈታ፣ ጭነቱ ወደ ሆዷ ዞረ፣ አህያዋ ወደቀች። እግሯ ተሰብሮ ነበር። አያትህ አልመታኝም፤ ማታ ቤት ስንገባ የቀረውን መጫኛ አንሥቶ «ና፣ እይ» ብሎ አጠቃለሉን አሳየኝ። እኔም አሁን እንደዚያው ላሳይህ ነው።

እናትህ ስትፈትል አይተሃል። ልቃቂቱን ከማስቀመጧ በፊት ውሉን በጣቷ ፈልጋ ከላይ ታስቀረዋለች፤ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ጥጡ ቢያምርም ለሸማኔው ጣጣ ነው። ገመድም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ውሉን ያዝ፣ መጨረሻ የምታስረው እሱን ይሁን፣ ለነገ እጅህ ፊት ለፊት ይቅር። ክንድህ ላይ እያጠበቅህ አትጠምጥም፣ እያንዳንዱ ዙር ገመዱን ያከርረዋልና ሲፈታ ራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ሰፋ ባለ ዙር ያዘው፤ በየዙሩም ገመዱን በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል በትንሹ አሽከርክረው። ወዴት ማዞር እንዳለብህ ገመዱ ራሱ ይነግርሃል፤ ሲጠላ ይነሣል፣ ሲወድ ይተኛል። ከዚያ ወገቡን አስረህ ስቀለው። መሬት ላይ የተኛ ገመድ ማንም እግሩን ያስገባበታል፣ አይጥም ያገኘዋል። የቆዳው ከሆነ ደጅ ካደረ ጅብም ይበላዋል።

ወደ መረብህ ልምጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የማስገሪያ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ከመግባቱ በፊት የሐይቁ ነባር አስጋሪዎች ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ነበር የሚያሰግሩት። ያንተ መረብ ግን የናይሎን ነው፣ ረጅምም ነው፤ ከላይ ተንሳፋፊ ያለበት ገመድ፣ ከታች ክብደት ያለበት ገመድ አለው። የሚተበተበውም በብዛት ተንሳፋፊው ከታችኛው ገመድ ጋር ሲጠላለፍ ነው። ስለዚህ ገና ከውኃ ስታወጣው ለያቸው። ተንሳፋፊውን በአንድ እጅህ፣ ክብደቱን በሌላው እጅህ እየሰበሰብክ አምጣ፣ ተንሳፋፊዎቹን ለብቻ አንድ ላይ እሰራቸው፣ ክብደቱን ለብቻው እሰረው። የመካከሉ መረብ ዝም ብሎ እንደ ነጠላ ተንጠልጥሎ ይውረድ። ጭራሮውንና የአሣውን አጥንት ዛሬውኑ ልቀም፤ ነገ ቋጠሮ የሚሆነው እሱ ነው። ጥላ ላይ አድርቀው። ፀሐይ የቆዳውን መጫኛ እንደሚያደርቀውና እንደሚሰነጥቀው ሁሉ ናይሎኑንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። እርጥቡን ግን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቀህ እንዳታሳድረው፣ በጣም አደራ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጫኛው የከፋ አለ። የእኔ ጠፍር ቢቆረጥም ወድቆ ይበሰብሳል። ናይሎን አይበሰብስም። ተተብትቦብህ በንዴት ቆርጠህ ሐይቁ ውስጥ የተውከው መረብ ማንም ሳያነሣው አሣ እየያዘ ይገድላል፤ አምባዛውም ቀረሶውም እዚያው ይበሰብሳል። ሐይቁ ያንተ ብቻ አይደለም፤ የአሣው ዘርም እያነሰ መሆኑን እናንተው ትነግሩናላችሁ። ስለዚህ ተበጥሶ የቀረውን ሄደህ አውጣ፣ ቢላዋ ከመምዘዝህ በፊት ቁጭ ብለህ ውሉን ፈልግ።

እንደሚደክምህ አውቃለሁ። እኛም ከገበያ ስንመለስ የንፋስ መውጫ ብርድ አጥንት ድረስ ገብቶ፣ ጣት አልታዘዝ ብሎ ነበር የምንጠቀልለው። ዛሬ ማታ መረብህን ሳትሰቅል እንዳትተኛ።