የማይደገመውን መድገም

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጥሊሊ የምትባል ከተማ አለች። የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። የእናቴ ወገኖች እዚያ ስላሉ ለክፉም ለደጉም እመላለስባታለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ከሁለት ዓመት በፊት ለአጎቴ ለቅሶ የሄድሁ ጊዜ የሠራሁት ነገር ነው።

አጎቴ እንደ ብዙው የአዊ ሰው የፈረስ ሰው ነበር። ለቅሶው ሜዳ ላይ ወጣ። ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖበት፣ ጋላቢ ሳይኖረው፣ በሰው እየተሳበ መጣ። ፎካሪው ፎከረ፤ ሽለላው ተከተለ። በመጨረሻም አንዲት አሮጊት አልቃሽ ከሰው መካከል ወጥተው፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአገውኛ፣ ሙሾ ያወርዱ ጀመር። ግጥሙን ከቤታቸው ይዘውት አልመጡም። ፈረሱን አዩና ስለ ፈረሱ ተናገሩ፤ የሟች ታናሽ ወንድም ራሱን ሲጥል አዩና ወደሱ ዞሩ፤ ደመና ሲጠቁር ደመናውን ጠሩት። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀና ተቋረጠ፤ ለቀስተኛውም በዚያች ዝምታ ውስጥ አንድ ላይ ጮኸ። እኔ እያለቀስሁ ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ ከፍቼ ቀዳሁት። ማንንም አላስፈቀድሁም።

በሣልስቱ ዘመድ በተሰበሰበበት ቤት የቀዳሁትን አሰማሁ። የምመሰገን መስሎኝ ነበር። አልቃሿም እዚያው ነበሩ። እስኪያልቅ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ያን ያልሁት ለሞተው ነው። አሁን ደግሞ ማን ሞተ?» አሉኝ። ቀጥለውም «አጥፋው» አሉ። በዚያው ማታ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ከዐረብ አገር ደወለች። አባቷን አልቀበረችም። «ቀድተሃል አሉኝ፤ ላክልኝ» አለች።

አንዷ አጥፋ፣ ሌላዋ ላክ ይላሉ። ለመሆኑ በቅጽበት ተፈጥሮ በቅጽበት እንዲጠፋ የታሰበን ነገር ይዞ ማቆየት ውለታ ነው ወይስ ስርቆት?

ጥያቄው የኔ ብቻ አይደለም። ያለ ጽሑፍና ያለ ልምምድ፣ ሦስት አራት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ሙዚቃ የሚፈጥሩባቸው አገሮች ሁሉ ሲጨነቁበት ኖረዋል። አሜሪካዊው ኤሪክ ዶልፊ፣ ሙዚቃ ካበቃ በኋላ ከአየሩ ጋር እንደሚሄድና ዳግመኛ እንደማይያዝ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በዚያው ዓመት ጁን 2 ቀን በሆላንድ አገር በሂልቨርሰም ከሦስት ሆላንዳውያን ጋር ተጫወተ፤ በወሩም መጨረሻ በ36 ዓመቱ በርሊን ላይ ሞተ። የሂልቨርሰሙ ጨዋታ በሸክላ ሲወጣ፣ መጨረሻው ላይ የተቀመጠው ያው «አይያዝም» ያለበት የገዛ ድምፁ ነው! እንግዲህ ዶልፊ ሙዚቃ እንደማይያዝ ያምን እንደነበር የምናውቀው ድምፁ ስለተያዘ ነው።

ከእነዚያ ሆላንዳውያን ሁለቱ፣ የፒያኖው ሚሻ ሜንገልበርግና የከበሮው ሃን ቤኒንክ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ቪለም ብሮይከር ጋር ሆነው «አይ ሲ ፒ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ስሙ በአማርኛ ሲፈታ የፈጣን ደራሲዎች ማኅበር እንደ ማለት ነው። ቆም ተብሎ ሳይታሰብ፣ እዚያው መድረክ ላይ መድረስ ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከዚሁ ማኅበር ኦርኬስትራ ጋር እንዲጫወቱ አምስተርዳም ድረስ የተጋበዙት ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ነበሩ።

ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት ተወልደው በ2016 አዲስ አበባ ላይ ያረፉ የሳክስፎን ሰው ናቸው። በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርተዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሽለላን ከፎካሪው ጉሮሮ አውጥተው በሳክስፎን አስገቡት። ኦርኔት ኮልማን ሁለት ኳርቴት በአንድ ጊዜ ያጫወተበትን «ፍሪ ጃዝ» የቀዳው በ1960 ነው፤ አልበርት አይለር በሦስት ሰው «ስፒሪችዋል ዩኒቲ»ን የቀዳው በ1964 ነው። የጋሽ ጌታቸውን ጩኸት የሰሙ የውጭ አድማጮች ከነዚህ ሰዎች ጋር ያመሳስሉታል፤ እርሳቸው ግን የተማሩት ከአሜሪካ ሳይሆን ከጦር ሜዳው ዜማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አዲስ አበባ ላይ የወጣው ሸክላቸው ባይኖርና በኋላም በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ሆኖ ባይታተም ኖሮ፣ ይህን ማን ያውቅ ነበር? ከሆላንዶቹስ ጋር በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ማን ያስቀዳቸው ነበር?

ስለዚህ «አትቅዱ» ብሎ መደምደም አይቻልም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት ጀርመን አገር ባይቀዱ ኖሮ፣ የዚያን ዘመን የአዝማሪ ድምፅ ዛሬ በጆሯችን ባልሰማነው ነበር።

ይሁንና ሌላውን ወገን ደግሞ እናዳምጥ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቅኔ ለበዓሉና ለሰዓቱ አዲስ ይቆጠራል፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ቅኔው አንድ ጊዜ ይባላል፤ ያልሰማ አመለጠው። ታዲያ የቀደምት ሊቃውንት ቅኔ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ ቢሉ፣ ሰሚው ተመርጦ ልቡ ላይ የቀረውን ይዞ ስለሄደ፣ ለሌላው ስለነገረ፣ በመጨረሻም ብራና ላይ ስለሰፈረ ነው። አእምሮ ወንፊት ነው፤ ያበጥራል። መቅጃ ግን ጎተራ ነው፤ እህሉንም እንክርዳዱንም፣ የሟችን ልጅ ለቅሶም፣ ከኋላ የሚያስለውንም ሰውዬ እኩል ያስገባል። ሰሚ ሲያስታውስ የራሱን ድርሻ ይሠራል፤ መሣሪያ ሲያስታውስ እኛ ሥራ እንፈታለን።

ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። የአልቃሿን ሙሾ ለብቻዬ ደጋግሜ ሰማሁት። በመጀመሪያው ቀን ድምፃቸው ሲሰነጠቅ አብሬ ተሰንጥቄ ነበር። በአሥረኛው ጊዜ ግን ስንጥቃቱን እጠብቀው ጀመር፤ «አሁን ትመጣለች» እያልሁ። ከሐዘን ብዛት ያመለጠች ድምፅ የዜማው አንድ ክፍል ሆነችልኝ። አፈረስሁት ማለት ነው። ሸክላ ላይ የተቀዳ ድንገተኛ ጨዋታ ሁሉ ይህ ዕጣ አለበት፤ ስሕተቱ ሕግ ይሆናል፣ ድንገቱ ልማድ ይሆናል።

እንግዲህ ልዩነቱን የት ላይ እናስምር? በሙዚቃው ዓይነት ላይ አይመስለኝም። እንደኔ እንደኔ ልዩነቱ ያለው «ለማን ተባለ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ዶልፊም፣ አይለርም፣ ጋሽ ጌታቸውም መቅጃው ፊት የቆሙት መቅጃ መሆኑን አውቀው ነው። ከሚያዩዋቸው ሰዎች አልፈው ለማያዩትም ሰው ተጫውተዋል። የማይታወቀው አድማጭ ገና ከመነሻው እንግዳቸው ነበር። የጥሊሊዋ እናት ግን የተናገሩት ለአንድ ሟች፣ ለአንድ ፈረስና በአንድ ሜዳ ላይ ለነበረ ሕዝብ ነው። እኔ ያልተጠራ እንግዳ ይዤ ገባሁባቸው።

«ሽለላስ ቢሆን ለጠላት የተባለ አልነበረም ወይ? ጋሽ ጌታቸው ከጦር ሜዳ አንሥተው ቴአትር ቤት ሲያስገቡት ማንን አስፈቀዱ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጋሽ ጌታቸው የአንድን ፎካሪ ቃል እንዳለ አልወሰዱም። የሽለላን መንገድ ይዘው፣ በገዛ ትንፋሻቸው፣ በፊታቸው ለተቀመጠው ሰው እንደገና ወለዱት። ወርሶ እንደገና መሥራትና ወስዶ ማስቀመጥ አንድ አይደሉም። ያልተጻፈ ጥበብ እስካሁን የኖረው በመጀመሪያው መንገድ ነው።

ለአርባው ጥሊሊ ተመለስሁና አልቃሿ ቤት ሄድሁ። ቅጂውን ይቅርታ ጠይቄ፣ ስለ ዐረብ አገሯ ልጅ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለእሷማ የእሷ አላት» አሉ። «በየት በኩል ነው የሚናገሩት?» ብለው ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። አባቷ ላይ አፈር ስላልጣለች ልጅ፣ ስለ ሩቅ መንገድና የሰው ቤት ስለማገልገል አለቀሱላት። አጭር ነበር፤ ድምፃቸውም አልተሰነጠቀም። ላክሁላት። «አንድ ጊዜ ሰማሁት፤ በቃኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያውን አጠፋሁት። ቅርስ ጠባቂ የሆነ ወዳጄ ይህን ስነግረው ተቆጣኝ፤ እንዲህ ያለ ሙሾ በሁለት ቋንቋ የሚያወርድ ሰው ነገ ከየት ታመጣለህ አለኝ። መልስ የለኝም፤ ምናልባትም ተሳስቻለሁ። ግን የማጥፋቱ ሥልጣን የእኔም የወዳጄም አልነበረም፤ የባለቤቷ ነበር፤ ባለቤቷም ተናግረዋል። አሁን በልቤ የቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ባዶ ኮርቻ፣ የጠቆረ ደመና፣ በመሐል የተቋረጠች ድምፅ። ከቅጂው ያነሱ ናቸው። ነገር ግን ድምፂቱ መቼ እንደምትቋረጥ ዛሬ በትክክል አላስታውስምና፣ ባሰብኋት ቁጥር ሳልጠብቃት ትመጣለች።