የአይጥ ጥያቄ

ከእኛ በፊት በውጭ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን በመጽሔቶቻቸው ላይ ያነሷቸው ጥያቄዎች ታላላቅ ነበሩ። የመሬት ጥያቄ፣ የብሔረሰቦች ጥያቄ፣ የሴቶች ጥያቄ እያሉ ሌሊቱን በክርክር ያነጉ ነበር። እኛ ዛሬ የአይጥን ጥያቄ ይዘን ስንቀርብ ከቁም ነገር የራቅን የሚመስለው አንባቢ ሊኖር እንደሚችል እናውቃለን። ይሁን እንጂ በቤቱ የምትኖረውን ትንሽ ፍጡር በምን መብትና በምን መንገድ እንደሚገድል ያላሰበ ሰው ስለ ታላላቁ ጉዳይ የሚሰጠው መልስ ምን ያህል ሊታመን ይችላል? ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት በቤታችን የደረሰውንና እርሱን ተከትሎ የተነሣውን ክርክር ለወገኖቻችን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የምንኖረው በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ፣ ታራዴል በሚባለው ሠፈር፣ በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። አራት ተማሪዎች ነን። ሜዳውን ውርጭ ሲይዘው ሌሊት በግድግዳው ውስጥ የመቧጨር ድምፅ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ የማሞቂያው ቧንቧ ነው ብለን ተውነው። ከሳምንት በኋላ ግን የአንዱ ጓዳችን እናት ከደብረ ማርቆስ የላኩለት ሽሮ ከረጢቱ ከጥጉ ተቦድሶ፣ በዱቄቱም ላይ የአይጥ ኩስ ተበትኖ ተገኘ። እናቲቱ አተሩንና ባቄላውን በእጃቸው ቆልተው፣ ከክተው፣ ቀምመውና አስፈጭተው፣ መንገደኛ ለምነው የላኩት ነበር። ከመጣያ ስንጥለው ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው በዚያች ሰዓት ነው።

ተማሪዎች እንደመሆናችን ስብሰባ ጠራን፤ ሦስት አቋሞችም ቀረቡ። አንደኛው መርዝ ይገዛ የሚል ነበር። ሁለተኛው ሙጫ የተቀባ ሰሌዳ ከግድግዳው ሥር ይነጠፍ አለ። ሦስተኛው ደግሞ አይጧ ሳትሞት በሣጥን ተይዛ ወደ ሜዳ ትለቀቅ የሚል ነው። የሦስቱንም አሠራር አንብበን እንደገና ተሰበሰብን።

ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአይጥ ማጥፊያ የዋለው ዋርፋሪንና ከእርሱ በኋላ የመጡት የጠነከሩ ዘመዶቹ የሚሠሩት ደም እንዳይረጋ በማድረግ ነው። መርዙን የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ በውስጧ እየደማች ለቀናት ትቆያለች። በዚህ መካከል ጉጉት ወይም የጎረቤት ድመት ቢበላት መርዙ ወደ በላተኛው ሊተላለፍ ይችላል። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ሲሉ የተናገሩት ይህን የመሰለውን ፍርድ ነው። መርዝ ያስቀመጠው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያይም፤ እንዲያውም መርዙን የሚገዛው ላለማየት ነው። የሙጫው ሰሌዳ በበኩሉ አይገድልም፤ ይይዛል። የተያዘችው አይጥ በረሃብ፣ በጥምና በድንጋጤ ረጅም ሰዓት ስትታገል ቆይታ ትሞታለች።

ሦስተኛው አቋም ከሁሉ የበለጠ ርኅራኄ ያለበት መስሎን ነበር። አቅራቢው ጓዳችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አስታወሰን፤ በግራና በቀኛቸው አንበሶችና ነብሮች፣ ከዓይናቸውም እንባ የምትጠጣ ወፍ ያለችበትን። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ጻድቁ እህል ውኃ ሳይቀምሱ እንደኖሩ ይነገራል። እህል የማይቀምስ ከአይጥ ጋር ምን ጠብ ሊኖረው ይችላል? እኛ ግን እንበላለን፤ ለነገም እናስቀምጣለን። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሞቃት ቤት የለመደችውን አይጥ በካልጋሪ ክረምት በበረዶ ላይ መልቀቅ፣ ሞቷን ለብርዱ አሳልፎ ሰጥቶ እጅን መታጠብ ነው። ልባችንን ያሳርፍልን ይሆናል፤ ለእሷ ግን ምሕረት መሆኑ ያጠራጥራል።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ መብት ይመልሰናል። የቤት አይጥ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አገሮች ሰዎች በአንድ ቦታ መቀመጥ በጀመሩበት ዘመን እንደሆነ ሊቃውንት ከመሬት በወጣ የአይጥ ጥርስ አመልክተዋል። ወደዚህ አህጉርም የመጣችው በአውሮፓውያን መርከብ ነው። ቤቱን የሠራነው እኛ ነን፤ ቤቱ ደግሞ አይጧን የቤት አይጥ አደረጋት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ስለ እንስሳት ሊጠየቅ የሚገባው ማሰባቸው ወይም መናገራቸው ሳይሆን መሠቃየታቸው እንደሆነ አመልክቷል። አይጥ ትሠቃያለች፤ ይህን የሚክድ ሙጫ ላይ የተያዘች አይጥ ሰምቶ አያውቅም። በሌላ ወገን ግን፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት እህል በጎታው ውስጥ የሚበላበት ገበሬ አይጥን መግደሉ ኃጢአት ነው የሚል፣ ጎታው ባዶ የሆነበትን ቤት አላየም። ሁለቱም እውነት ነው። መግደላችን ከችግር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከችግር በመምጣቱ ግን መግደልነቱ አይቀርም።

ክርክራችን በዚህ ላይ ሳለ፣ መርዝ ይገዛ ያለው ጓዳችን የአልበርታን ምሳሌ አመጣ። እንደሚታወቀው በቋንቋችን ትልቋም ትንሿም ብዙ ጊዜ «አይጥ» ተብላ ትጠራለች። ይህ ክፍለ ሀገር ትልቋን አይጥ በድንበሩ ላይ አግዷታል። በ1950 እ.ኤ.አ. ከምሥራቅ በሳስካችዋን በኩል መድረሷ ሲታወቅ በሕግ ተባይ ተብላ ታወጀች፤ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 29 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው የድንበር ቀበቶ ውስጥም የእርሻ ቤቶች በየጊዜው መመርመር ጀመሩ። እስከ ዛሬ ድረስ ከመካነ አራዊት፣ ከዩኒቨርሲቲና ከምርምር ተቋም በቀር ነጯን ትልቅ አይጥ እንኳ ለማሳደግ አይፈቀድም። በዚህም የተነሣ በአልበርታ ተደላድላ የምትራባ ትልቅ አይጥ የለችም። ትንሿን ግን ማንም አላገዳትም። ጓዳችን ይህን ካስረዳ በኋላ ንግግሩ እየሞቀ ሄደ፤ «ሰርጎ ገብ»፣ «ጠላት»፣ «የማያዳግም እርምጃ» የሚሉ ቃላት ከአፉ ይወጡ ጀመር። እኛም ሳቅን።

ያልሳቁት ቡና ሊጠጡ የመጡት፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። ስኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉን፦

«በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ደበቁኝ። ፈታሾቹ ከሥር ቆመው ሳለ እግሬ ደነዘዘና ስንቀሳቀስ ኮርኒሱ ተንኮሻኮሸ። አክስቴ ‹አይጥ ናት፤ ቤቱን ፈጀችብን› አለች። ስቀው ሄዱ። አይጥ ስለተባልኩ ዳንኩ። ሰው መሆኔ ቢታወቅ ኖሮ ‹እርምጃ› ይወሰድብኝ ነበር። እንግዲህ ልጆቼ፣ አይጧን ግደሏት፤ ሽሯችሁን በልታለች። ግን ‹ገደልናት› በሉ። ‹እርምጃ ወሰድንባት› አትበሉ።»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የረገፉት ወጣቶች «ተገደሉ» አልተባሉም፤ «አናርኪስት» ተብለው «ነፃ እርምጃ» ተወሰደባቸው ተባለ። በ1940 እ.ኤ.አ. ናዚዎች አይሁድን ከአይጥ መንጋ ጋር የሚያመሳስል ፊልም ሠርተው ለሕዝብ አሳይተዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. በሩዋንዳ ቱትሲዎች በሬዲዮ «በረሮ» ይባሉ ነበር። በቅርብ ዓመታትም በገዛ አገራችን ወገን ወገኑን «የቀን ጅብ»፣ «አረም» ሲል ሰምተናል። ነፍሰ ገዳይ አስቀድሞ ቃሉን ያዘጋጃል፤ ቃሉ ካለ በኋላ እጁ አይከብደውም። ቤትን ከተባይ የማጽዳት ቋንቋ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚመች ሆኖ ተገኝቷል፤ ምክንያቱም ቤቱን የሚያጸዳ ሰው ራሱን በደለኛ አድርጎ አያይም።

ስለዚህ ሁለት ስሕተቶችን ለይተን ማየት ይገባናል። አንደኛው ሰውን አይጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው፣ አይጧን ጠላት ማድረግ ነው። ጠላትነት አሳብ ይጠይቃል፤ አይጥ ግን አታሤርም፣ አትዶልትም፤ ብርድ ሸሽታ እህል ትፈልጋለች። እሷን መግደል ያስፈልገን ይሆናል፤ መጥላት ግን አያስፈልገንም። በአይጥ ላይ ጥላቻን የተለማመደ ሰው፣ ልምምዱን የሚያውለው በአይጥ ላይ ብቻ መሆኑን በምን እናውቃለን? ከመካከላችን አንዱ፣ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግሮ የመጣው፣ «እኛም እኮ ፈቃድ ሳይኖረን የሰው ድንበር አልፈናል፤ ከአይጧ በምን እንለያለን?» ብሎ ነበር። ይህንንም አልተቀበልነውም። ለአይጥ ማዘን ራስን አይጥ ማድረግን አይጠይቅም፤ የስደተኛ መብት የሚቆመውም ሰው በመሆኑ ላይ ነው።

ከአቋም ወደ ተግባር ስንመጣ፣ መንስኤውን ሳይነኩ መግደል ከንቱ መሆኑ ግልጽ ሆነልን። አንዲት የቤት አይጥ ከፀነሰች በሦስት ሳምንት ገደማ አምስት ስድስት ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሁለት ወር ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። መግቢያዋን በባትሪ ስንፈልግ የጋዙ ቧንቧ ግድግዳውን ሰብሮ በሚገባበት ላይ የእርሳስ ውፍረት ያህል ቀዳዳ አገኘን። ለእሷ ይህ በቂ በር ነው። ቀዳዳውን መግደያው ሳይገዛ ልናገኘው እንችል ነበር፤ አልፈለግነውም። ሽሮውንም በከረጢት ከመሬት ላይ የተውነው እኛው ነን። አያቶቻችን ጎተራቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው በድንጋይ ላይ ሲያቆሙ ያውቁት የነበረውን እኛ ረስተነዋል።

በዚህ ክፍለ ሀገር ደንብ የሚከራይ ቤት ከተባይ ነፃ እንዲሆን የማድረግ ግዴታ የባለቤቱ ነው። ሆኖም ከቤት እወጣለሁ ብሎ የሚፈራ ተከራይ ይህን መብቱን አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ እኛም ሁለት ሳምንት ፈርተን ዝም ብለን ነበር። በመጨረሻ በጽሑፍ ስናመለክት ባለቤቱ ራሱ ሲሚንቶ ይዞ መጣ። ከፍርሃታችን የተነሣ የባከነው ጊዜ ለአይጧም ለእኛም ጉዳት ሆነ።

ቀዳዳውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀን በሲሚንቶ ደፈንነው። እህሉን ሁሉ ወደ ብርጭቆ ማሰሮና ወደ ቆርቆሮ አዛወርን። ኩሱን በደረቁ አልጠረግነውም፤ በበረኪና ውኃ አርሰን፣ ጓንት አጥልቀን አነሣነው። በዚህ አገር የምትገኘው ሆዷ ነጭ የዱር አይጥ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የታወቀውን ገዳይ የሳንባ በሽታ የሚያመጣውን ሃንታ ቫይረስ ልትሸከም ትችላለችና፣ አቧራውን ወደ ሳንባ መሳብ አደገኛ ነው። ውስጥ ለቀሩት ደግሞ በአንድ ምት የሚገድለውን ባለ ምላስ ወጥመድ ገዛን፤ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብተን፣ አይጥ ግድግዳ ተከትላ ትሄዳለችና ከግድግዳው ሥር አኖርነው። አንድ ደንብም አወጣን፦ ወጥመዱን ያጠመደ ሰው ጧት ራሱ ይየው፣ ራሱ ያንሣ። ለሌላ ሰው መተው አይቻልም።

ሁለት አይጦች ሞቱ። የመጀመሪያዋን ያነሣት መርዝ ይገዛ ያለው ጓዳችን ነው። ከመዳፉ አትሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ «እርምጃ» የሚለውን ቃል ሲጠቀም አልሰማነውም። ከሦስት ሌሊት በኋላ በግድግዳው ውስጥ የነበረው ድምፅ ቆመ።

የደረስንበት መደምደሚያ ይህ ነው። ሰው ለመኖር ሲል የሌላውን ፍጡር ሕይወት የሚያጠፋበት ጊዜ ይኖራል። በዚያን ጊዜ አስቀድሞ በሩን ይዝጋ፤ መግደል ከቀረለት ይተወው፤ ካልቀረለት ሥቃዩን ያሳጥር፤ ያደረገውንም በስሙ ይጥራው። ይህ ለአይጥ ብቻ የምናደርገው ቸርነት አይደለም፤ የራሳችንን ምላስና እጅ የምንጠብቅበት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ አቋም ያላቸው ወገኖች፣ በተለይም የሦስተኛውን አቋም ደጋፊዎች፣ መልሳቸውን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉልን እንጋብዛለን። እናቲቱም ሌላ ሽሮ ልከዋል፤ በቆርቆሮ ነው ያለው።