ሰንሰለቱ ወልቆ ቁስሉ ሲቀር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 6 ቁጥር 9 ላይ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ አሳዛኝ ነገር ተጽፎ እናገኛለን። እግዚአብሔር የሕዝቡን ጩኸት ሰምቶ ከግብፅ ባርነት ሊያወጣቸው ቃል ገባ፤ ይህንንም የምሥራች እንዲነግራቸው ሙሴን ላከው። ሙሴም ነገራቸው። እነርሱ ግን አልሰሙትም። አምላካቸውን ስለ ናቁ ወይም ልባቸው ስለ ደነደነ ነው እንዳንል፣ ልቡ የደነደነው ፈርዖን ነው። መጽሐፉ የሚሰጠን ምክንያት የመንፈሳቸው መጨነቅና የባርነቱ ጽናት ነው። በጭቃና በጡብ ሥራ ጉልበቱ ያለቀ፣ ወንድ ልጁም ወንዝ ውስጥ የተጣለበት ሰው፣ የነፃነት ወሬ ሲነገረው እንኳ የሚሰማበት ጆሮ አጣ።

እስራኤል ባሕሩን የተሻገሩት በአንድ ሌሊት ነው። ከተሻገሩም በኋላ ግን በምድረ በዳ የግብፅን ሥጋና ሽንኩርት እያነሡ ያለቅሱ እንደ ነበር እናውቃለን (ዘኁ. 11)። ሰንሰለት በቀን ይወልቃል፤ ሰንሰለቱ የላጠው ሥጋ ግን መታጠብና መታሰር ይፈልጋል፤ ያም የራሱ ጊዜ አለው። ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለዚህ ቁስል ነው፤ ይኸውም ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ወገኖቻችን የልብ ቁስልና ስለ ፈውሱ።

ስለ እነርሱ ለምን? የሚል ይኖራል። ይህን የዘጸአት ታሪክ የራሳቸው አድርገው በእርሱ የኖሩ ሕዝብ ስለሆኑ ነው። ደግሞም ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረውን የዳዊት መዝሙር (68፥31) ስለ እኛ የተነገረ ነው እያሉ ለብዙ ዘመን ሰብከውበታል፤ በ1808 በኒውዮርክ የመሠረቷትንም ቤተ ክርስቲያን አቢሲንያን ብለው ጠርተዋታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሥርዓተ እምነት ከእኛ ይለያሉ። ቢለዩም ስማችንን በመከራቸው ቀን ይዘው ጸልየውበታልና ታሪካቸውን ሳናውቅ ብንቀር ያሳፍረናል።

በ1851 በሉዊዚያና ይኖር የነበረ ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል ሐኪም አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከጌታው ቤት ኮብልሎ የሚጠፋ ባሪያ በአእምሮ በሽታ የተያዘ ነው አለ። ለበሽታውም ከግሪክ ቋንቋ ቃል ፈልጎ «ድራፔቶማኒያ» የሚል ስም አወጣለት፤ የኩብለላ እብደት እንደ ማለት ነው። መድኃኒቱስ? የመኮብለል ምልክት ሲታይበት አስቀድሞ መግረፍ! በሥራው ለሚለግመውና ዕቃ ለሚሰብረው ደግሞ ሌላ በሽታ አገኘለት። የዚህኛው ስም «ዲሴስቴዥያ ኢትዮፒካ» ነው። አዎን፣ የአገራችን ስም ነው፤ በዚያ ዘመን ጥቁርን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት የተለመደ ነበርና። ለእርሱም የታዘዘው ሕክምና ሰውየውን አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ዘይቱን በሰፊ ጠፍር እየመቱ ወደ ቆዳው ማስገባት፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ ከባድ ሥራ ማሠራት ነበር።

ይህን ስናነብ ሳቅ ሊመጣን ይችላል፤ ግን ቆም ብለን እንየው። ነፃነትን መናፈቅ እግዚአብሔር በሰው ልብ ያኖረው ነገር ነው። ያን ናፍቆት በሽታ ያለ ሰው ራሱ ምን ያህል ታሞ ነበር? ጤነኛው በሽተኛ ተብሎ ተጻፈበት፤ ጻፊው ደግሞ ሐኪም ተብሎ ተከበረ። እንግዲህ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ ቢያመነታ አንፍረድበት። ነገሩ የጥንት ነው እንዳይባል፣ በአላባማ በተስኪጊ አካባቢ ከ1932 ጀምሮ የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ሕመሙ እስከ መጨረሻው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ብቻ ሲከታተሏቸው ኖረዋል። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ተገኝቶ በየቦታው ሲሰጥ ለእነርሱ ተከለከለ። ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ የቆመው በ1972 ነው፤ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ይቅርታ የጠየቁት ደግሞ በ1997።

ታዲያ ሐኪሙ ጅራፍ ሲያዝላቸው እነዚህ ሰዎች ቁስላቸውን ለማን አሳዩ? በሌሊት ከእርሻው ወጥተው በጫካና በሸለቆ ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። ከባርነት የወጡ ሽማግሌዎች በኋላ ዘመን እንደ ተረኩት፣ ድምፃቸው ጌታው ቤት እንዳይሰማ ድስት ይገለብጡ ነበር፤ ድስቱ ድምፁን ይውጠዋል ብለው ያምኑ ነበርና። በዚያም ክብ ሠርተው እየዞሩ፣ እያጨበጨቡ፣ መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ያለቅሱና ይዘምሩ ነበር። (የእኛ ሽብሸባ ትዝ ያላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ የተጨነቀ ሰውነት በእግሩም ይጸልያል።) ከመካከላቸው አንዱ ልጁ ተሸጦበት ከሆነ ያን ይናገራል፤ ሌሎቹም አብረውት ያለቅሳሉ። ዝም በል፣ ቻለው የሚለው የለም። ቀኑን ሙሉ ችለውታልና።

በ1865 ባርነት በሕግ ቀረ። ነፃ የወጡት ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እናቴ የት ናት፣ ልጄን ወዴት ሸጡት የሚል ነበር። ለእኛ ለጋዜጣ አዘጋጆች የሚነካን ነገር እዚህ ላይ አለ። በኒውኦርሊንስ ይታተም የነበረ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «የጠፉ ወዳጆች» የሚል ዓምድ ከፈተ። እናት በስንት ዓመቷ ከልጇ እንደ ተለየች፣ ማን ለማን እንደ ሸጣት፣ የወንድሞቿ ስም ማን ማን እንደሆነ በጥቂት መስመር ታጽፋለች። ፓስተሮችም ጽሑፉን በዐውደ ምሕረት እንዲያነቡት አዘጋጁ ይለምናቸው ነበር። አስቡት፤ እሑድ ጠዋት ከስብከቱ ጋር የጠፉ ሰዎች ስም ሲነበብ! ብዙዎቹ አልተገናኙም። ቢሆንም ሠላሳ ዓመት በአንዲት ሴት ሆድ ውስጥ ታሽጎ የኖረው ስም በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ተጠርቷል።

ከዚህ ወደ 1955 እንለፍ። የ14 ዓመቱ ኤሜት ቲል ከቺካጎ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ ሚሲሲፒ ሄደ። አንዲት ነጭ ሴት ደፈረ ብለው በሌሊት ከተኛበት ወስደው፣ አሠቃይተው ገደሉት፤ ሬሳውንም ወንዝ ውስጥ ጣሉት። የአካባቢው ባለሥልጣኖች እዚያው ቶሎ ሊቀብሩት ቸኩለው ነበር። እናቱ ማሚ ቲል ግን ልጄን አምጡልኝ አለች። ሣጥኑ ታሽጎ ሲመጣ ክፈቱልኝ አለች። ከፍተው ያየችው የሰው ፊት አይመስልም ነበር። ሣጥኑ በሮበርትስ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ አዘዘች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰልፎ አየው፤ «ጄት» የተባለው የጥቁሮች መጽሔትም ፎቶግራፉን አወጣው።

መጽሐፍ ራሔል ስለ ልጆቿ እንዳለቀሰች፣ መጽናናትንም እንዳልወደደች ይናገራል (ኤር. 31፥15፣ ማቴ. 2፥18)። ወንጌላዊው ማቴዎስ በዚህ አልወቀሳትም፤ ልቅሶዋን በጌታ ልደት ታሪክ ውስጥ አስገባው እንጂ። ማሚ ቲልም እንዲሁ ናት። ገዳዮቹን ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቃቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለአንድ መጽሔት ገንዘብ ተቀብለው መግደላቸውን ተናገሩ። የእርሷ ልቅሶ ግን ብዙ ወጣቶችን ከተኙበት ቀሰቀሰ። እርሷም በኋላ አስተማሪ ሆነች፤ ልጆችን ሰብስባ የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግሮች በቃላቸው ታስጠናቸው ነበር። ያቺ ቤተ ክርስቲያን በ2023 ብሔራዊ መታሰቢያ ከሆኑት ቦታዎች አንዷ ናት።

ሣጥኑ ያልተከፈተለት ቁስልስ? ሴፕቴምበር 15 ቀን 1963 እሑድ ጠዋት በበርሚንግሃም ከተማ በ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ለሰንበት ትምህርት ተሰብስበው ነበር። የዕለቱ ትምህርት ርእስ ይቅር ስለሚል ፍቅር ነበር። በደረጃው ሥር የተቀበረው ፈንጂ ፈንድቶ አዲ ሜይ ኮሊንስን፣ ካሮል ሮበርትሰንን፣ ሲንቲያ ዌስሊንና ዴኒስ ማክኔርን ገደላቸው፤ ሦስቱ 14 ዓመታቸው፣ ዴኒስ 11 ዓመቷ ነበር። የእነዚህን አራቱን ስም ዓለም ያውቃል። በዚያው ክፍል ግን አምስተኛ ልጅ ነበረች፤ የአዲ ሜይ ታናሽ እኅት ሣራ፣ የ12 ዓመት ልጅ። አንድ ዓይኗ ጠፋ፤ ሰውነቷ በመስተዋት ስብርባሪ ተሞላ። ካደገች በኋላ በአደባባይ እንደ መሰከረችው፣ ስለ ሆነባት ነገር ቁጭ ብሎ ያማከራት ሰው አልነበረም። የአላባማ ገዢ ይቅርታ የጠየቀቻት በ2020 ነው፤ 57 ዓመት ቆይቶ።

ለሞቱት ሐውልት ቆመ፤ የተረፈችው ግን ተረሳች። ቤተ ክርስቲያን ብርቱ ሆነው የሚቆሙትን ትወዳለች፤ በተለይም የጥቁር ሴት ብርታት በመዝሙርም በስብከትም ይወደሳል። ያ ውዳሴ ግን ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብርቱ የተባለች ሴት ደከመኝ ብትል ማን ያምናታል? ቻይው ተብላ ቻለችው፤ ራስ ምታቷን፣ እንቅልፍ ማጣቷን፣ በትንሽ ኮሽታ መደንገጧን ለብቻዋ ተሸከመችው። ዛሬ በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚያድጉ የእኛው ወገን ልጆችም በዚያ አገር ጥቁር ናቸው፤ በመንገድ የሚደርስባቸውን ይዘው ቤት ሲገቡ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ይኸንኑ «ቻለው» ነው። እኛ ለሞተ ሰው ማልቀስ እናውቅበታለን፤ ድንኳን እንተክላለን፣ እድር አለን፣ ሠልስትና ዐርባ እናወጣለን። ከነቁስሉ በሕይወት ላለ ሰው ግን ድንኳን አልተከልንም።

ነቢዩ ኤልያስ ሞቱን በለመነበት ቀን (1ኛ ነገ. 19) መልአኩ የመጣለት ተግሣጽ ይዞ አይደለም። እንጐቻና ውኃ ሰጠው፤ አስተኛው፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ስለ ተልእኮው የተነጋገሩት ከዚያ ወዲያ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ ያስተምረናል። ስለዚህ የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ጸሎት ብቻ ይበቃሃል ብሎ ከሐኪም ማስቀረት ከመጽሐፍ የተገኘ ትምህርት አይደለም። ጸበሉም፣ ንስሐውም፣ አማካሪ ሐኪሙም ከአንድ አምላክ ነው። ሐኪሙ የካርትራይት ዓይነት እንዳይሆን መጠንቀቅ ደግሞ ተገቢ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ የሕዝባቸውን ቋንቋና ታሪክ የሚያውቁ ጥቁር የሥነ ልቦና ሐኪሞች ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆነው መሥራታቸው ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጉዳይ ይቀረናል፤ ይቅርታ። ጁን 17 ቀን 2015 ረቡዕ ማታ በቻርልስተን ከተማ በኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን 12 ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ሊያጠኑ ተቀመጡ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1834 የጥቁሮች ጉባኤ በከተማው ሲከለከል እስከ 1865 በስውር ስትሰበሰብ የኖረች ናት። አንድ ነጭ ወጣት ገባ፤ በደግነት አስቀመጡት። የዘሪውን ምሳሌ (ማር. 4) አብሯቸው ሰማ። ለጸሎት ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ሽጉጥ አውጥቶ ከፓስተራቸው ጋር ዘጠኙን ገደለ። በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከሟቾቹ ዘመዶች አንዳንዶቹ ይቅር ብለንሃል አሉት። ዓለም ተደነቀ፤ እኛም ተደንቀናል። ይሁን እንጂ ከዘመዶቹ መካከል ገና መቆጣቷን ሳትደብቅ የተናገረችም ነበረች፤ ይህን ያነሣው ሰው ጥቂት ነው። ይቅርታ የጸጋ ፍሬ ስለሆነ ከሚያለቅስ ሰው ላይ እንደ ግብር አይሰበሰብም፤ ይልቁንም የበደለው ወገን ቶሎ እንዲቀለው ብለን የተበደለውን ማጣደፍ ሌላ በደል ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ ለሰቀሉት ምሕረትን ለምኗል፤ ከትንሣኤው በኋላ ግን የችንካሩን ቦታ አልሸሸገም፤ ቶማስን ጣትህን አምጣ ብሎ አስነካው (ዮሐ. 20፥27)። የከበረው ሥጋ ከነምልክቱ ነው የተነሣው።

የኢማኑኤል ምእመናን በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ጁን 24፣ በዚያው ክፍል ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተሰበሰቡ። ባለፈው ሳምንት 12 ሰዎች በነበሩበት ቦታ 150 ያህል ሰው ተቀመጠ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።