ርስት ያልሆነውን መሬት ማዳበር

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ዘመነ ጸደይ መጋቢት 26 ቀን ገብቶ ሰኔ 25 ቀን ይፈጸማል። በትምህርት ቤት የአደይ አበባውን ወራት ጸደይ ማለት የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቅ ይሆናል፤ ያንን አበው መጸው ብለውታል። በሰሜን አሜሪካ ለምንኖር ምእመናን ግን የአበው አቆጣጠር ከስደቱ ምድር አየር ጋር መግጠሙ ደስ ያሰኛል። የሲያትል አትክልተኛም ዶማውን የሚያነሣው በዚሁ ሰሞን ነው።

በዚህች ከተማ ‹ፒ-ፓች› የሚባሉ የጋራ የአትክልት ቦታዎች አሉ። ሥራው የተጀመረው በ1973 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ‹ፒ› የምትለው ፊደል የተወሰደችው የመጀመሪያውን መሬት ቀድሞ ያርስ ከነበረው ፒካርዶ ከተባለ ከኢጣልያ የመጣ ቤተ ሰብ ስም ነው። ነዋሪው ጥቂት ካሬ ሜትር መደብ ይቀበላል፤ መጠነኛ ክፍያ እየከፈለ በየዓመቱ ያድሳል፤ በኬሚካል ፈንታ ፍግና ብስባሽ ይጠቀማል፤ ለጋራው ሥራም የተወሰነ ሰዓት ያገለግላል። መደቡ ግን የእርሱ አይደለም። አይሸጠውም፣ ለልጁ አያወርሰውም፤ ሳያድስ ቢቀር ወረፋ ለሚጠብቀው ይተላለፋል።

ስለዚህ ከወገኖቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የእኔ ያልሆነውን መሬት ስለ ምን አዳብራለሁ?» የሚል ነው። ይህን ስስት ብሎ ማለፍ አይገባም። የጠያቂው አባት ምናልባት በደቡብ የሢሶ ወይም የእኩል አራሽ ነበሩ፤ ጭሰኛ ደግሞ ማሳውን ባሳመረ ቁጥር የባለመሬቱን ዓይን ይስብ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ጭሰኝነትን ቢሽርም፣ መሬቱ ነገ ሲደለደል ለማን እንደሚደርስ ያላወቀ ገበሬ እርከን ለመሥራት እጁ ሰንፏል። ይህን ያየ ሕዝብ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ጥርጣሬው ይበልጥ የሚጸናው በባቄላው ላይ ነው። እዚህ አትክልተኛው በመከር ወራት ባቄላ ይዘራል፤ ባቄላው ክረምቱን ቆሞ ይከርማል፤ በጸደይ አበባ ማውጣት ሲጀምር ግን ተቆርጦ ከአፈር ጋር ይገለበጣል። በሥሩ እባጮች የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ከአየር የወሰዱት ናይትሮጅን ለሚቀጥለው ዘር ምግብ ይሆነዋል። ከባቄላ በኋላ የተዘራ ስንዴ እንደሚያምር የእኛም ገበሬ ያውቃል፤ ነገር ግን ያውቅ የነበረው እሸቱን በልቶ፣ ፍሬውን አፍሶ፣ ገለባውን ለከብቱ ሰጥቶ ነው። ሳያፈራ መገልበጡን እንደ ግፍ ቢቆጥር፣ ያውም ለማያውቀው ተረካቢ፣ ምን ይደንቃል!

እኔ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አያለሁ። የጭሰኛው ላብ ያበለጸገው ዶማ ያልጨበጠውን ሰው ነበር፤ የበደሉ ሥርም ይህ ነው። ከእኛ በኋላ መደቡን የሚረከበው ግን እንደ እኛው ጎንበስ ብሎ የሚቆፍር ሰው ነው። የጌታውን ዕዳ በዚህ ሰው ላይ መቍጠር ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ሥጋቱ ከንቱ ነው አልልም፤ በደቡብ ሎስ አንጀለስ ብዙ ድኾች ቤተ ሰቦች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለሙት 14 ኤከር የእርሻ ቦታ ባለንብረቱ ስለፈለገው በ2006 እ.ኤ.አ. በኃይል ተነሥተውበታል። በዚያ ግፍ አለ ብዬ አምናለሁ። ሆኖም መሬቱን ማልማታቸውን ስሕተት አያደርገውም።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ስውር ነው። «የዛሬ ዓመት በሀገራችን» እየተባባልን ሻንጣችንን ሳንፈታ ያረጀን ብዙዎች ነን፤ በሰው ሀገር መትከል ሀገርን መካድ ይመስለናል። ሐናንያ ምርኮው በሁለት ዓመት ያበቃል ብሎ ሲናገር ሕዝቡ ደስ ብሎት ሳይሰማው አልቀረም። ኤርምያስ ግን በባቢሎን ላሉት በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ አዘዘ፤ የዘመኑንም ልክ 70 ዓመት አለው። ይህን ብዙ ሰባክያን ያነሡታል። ያው ነቢይ ኢየሩሳሌም ተከባ፣ እርሱም በግዞት ሳለ፣ በዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር መግዛቱን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ውሉን አስፈርሞ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። በዚያ እርሻ እርሱ ራሱ እንደማያርስበት ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ለስደተኞቹ አትክልት ትከሉ ያለ አፍ የሀገሩን ርስት አልካደም፤ ሁለቱን ትእዛዞች ያዘዘውም አንድ እግዚአብሔር ነው። በኦሪት ዘሌዋውያንም ምድሪቱ የእርሱ እንደ ሆነች፣ ባለርስቶቹ እስራኤል ራሳቸው በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደ ሆኑ ተነግሯቸዋል።

እንግዲህ ዘንድሮ መደብ የደረሳችሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ የሚቀመጡትን አረጋውያን አባቶችና እናቶች ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው፤ አፈርን ሲያሹት ያውቁታል። ባቄላው ከተገለበጠ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይረፍ። በሌላው ጥግ አተር፣ ሽንኩርትና ጎመን ከወዲሁ ይገባሉ፤ ብርድ አይጎዳቸውም። ቲማቲሙና ቃሪያው ሌሊቱ እስኪሞቅ፣ እስከ ግንቦት 7 ቀን ግድም፣ ይቆዩ።