አኮቴትና ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሴት

ሰው በደስታው ጊዜ ፈጣሪውን ማመስገኑ ከባሕርዩ የሚመነጭ ስለ ሆነ ብዙ ምርምር አያሻውም፤ በታላቅ መከራ ውስጥ ሆኖ ማመስገኑም ቢሆን፣ ምንም እንኳ የሚያስደንቅ ቢሆን፣ ምሥጢሩ ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ ታላቅ መከራ ወዳጅ ዘመድን ይሰበስባልና፣ የተጎዳውንም ሰው ከዕለት ሐሳቡ ነጥቆ በአምላኩ ፊት ያቆመዋልና። አስቸጋሪው ጥያቄ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ይኸውም ወሬ ሆኖ የማይነገር፣ ለቅሶ ደራሽ የማይመጣለት፣ ዛሬ አልፎ ነገ የሚመለስ ችግር፣ ማለት የልጅ ትኩሳት፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የባዕድ አገር ሙቀት፣ የባልና የሚስት መኳረፍ፣ አኮቴትን (ምስጋናን) ከሰው አፍ ቀስ በቀስ ሲነጥቅ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ወንጌልን ለመስበክ ቤተ ሰቡን ይዞ ከአገሩ በወጣ ሰው ላይ ጥያቄው ይብስ ይጠናል፤ መከራውን የመረጠው አንዱ ሲሆን የሚቀበሉት ግን ሁሉም ናቸውና።

በዚህ ረገድ የዊልያም ኬሪን ቤት ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። በእንግሊዝ አገር ጫማ ሰፊ የነበረው ይህ የባፕቲስት ሰባኪ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1793 ዓ.ም. ወደ ቤንጋል ሊሄድ ሲነሣ ሚስቱ ዶሮቲ አልሄድም ብላ ነበር፤ በኋላ ግን አራስ ሳለች፣ እኅቷ አብራት እንድትሄድ ሆኖ፣ በብዙ ልመና ተሳፈረች። ካልካታ እንደ ደረሱ ገንዘቡ ፈጥኖ አለቀ፤ ወደ ሱንዳርባንስ ረግረግ ወረዱ፤ ከዚያም ኬሪ በሙድናባቲ የኢንዲጎ ቀለም ፋብሪካ ኀላፊ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያም በ1794 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጃቸው ፒተር በተቅማጥ ሞተ። የአካባቢው ሥርዐት ሬሳ የነካውን ሰው ከወገኑ የሚያስለይ ስለ ነበረ፣ ሣጥን የሚሠራ፣ መቃብር የሚቈፍር፣ ሬሳውንም የሚሸከም ሰው ማግኘት ለወላጆቹ ሌላ ኀዘን ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዶሮቲ አእምሮ ታወከ፤ በ1807 ዓ.ም. እስክትሞትም አልተመለሰላትም። ኬሪ ኋላ በተዛወረበት በሴራምፖር አብሮት የሠራው ጆሹዋ ማርሽማን እንደ መሰከረው፣ ኬሪ ቅዱሳት መጻሕፍትን በሚተረጕምበት ጊዜ ሚስቱ ከግድግዳው ማዶ፣ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ፣ በጽኑ ጭንቀት ትታወክ ነበር።

የኬሪን አመስጋኝነት የሚያወሱ ሰዎች አብዝተው የሚጠቅሱት የ1812ቱን ቃጠሎ ነው፤ በሴራምፖር የነበረው ማተሚያ ቤት ከወረቀቱና ብዙ ዓመት ከደከመበት የትርጉም ጽሑፍ ጋር ሲቃጠል፣ እርሱ አምላኩን ሳያማርር ሥራውን እንደ ገና ጀመረ። ይህ እውነት ነው፤ ከባዱ ፈተና ግን ይህ አይመስለኝም። ቃጠሎው ነድዶ አለቀ፤ ከፍርስራሹም ውስጥ የፊደሉ መቅረጫ ብረት ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ከእንግሊዝም ርዳታ ጐረፈ። ከግድግዳው ማዶ ለሚሰማው ድምፅ ግን መዋጮ የሚያዋጣ አልነበረም።

እንግዲህ አኮቴት ምንድር ነው? የደረሰብንን ሁሉ መርምረን «መልካም ነው» ብለን የምንፈርደው ፍርድ ነውን? እንዲህስ ቢሆን ኖሮ፣ በሕፃን መቃብር አጠገብ ቆሞ የሚያመሰግን አባት ወይ ሐሰተኛ ወይ ልበ ደንዳና በሆነ ነበር። እኔ ግን አኮቴት ከሰጪው ፊት አለመራቅ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከሰጪው ፊት ያልራቀ ሰውም በዚያው ፊት ሊያለቅስ፣ ሊጠይቅ፣ ሊሟገትም ይችላል። ጻድቁ ኢዮብ ሁሉን ባጣ ጊዜ የሰጪውን ስም ባረከ፤ ጥቂት ቈይቶ የተወለደባትን ቀን ረገመ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ቅን ነገር ተናገረ ያለው እርሱን ነው እንጂ የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት የደከሙትን ወዳጆቹን አይደለም።

የአገራችን ሰው ይህን በልማዱ ያውቀዋል። ልጅ ወደ ሞተበት ቤት የገባ ጎረቤት ኀዘንተኛውን «ተመስገን በል» አይለውም፤ አልቅሶ ይቀመጣል፣ ሲነሣም «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብሎ ይሄዳል። «ምን ይደረጋል፤ ተመስገን» የሚለው ቃል የሚወጣው ጊዜው ሲደርስ ከኀዘንተኛው ከራሱ አፍ ነው፤ ሌላው ቀድሞ ቢልለት ድፍረት ይሆናል። በማዕድ ላይ ቆሞ «እናመሰግንሃለን» እያለ የሚጸልይ አባወራ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ሊሰወርበት አይገባም፤ ስለ ገዛ ሕማሙ ማመስገን ይችላል፤ ያልመረጡትን መንገድ የሚጓዙትን የሚስቱንና የልጆቹን ሕማም ግን በራሱ አፍ ወደ ምስጋና ሊለውጠው ሥልጣን የለውም።

አንዳንድ ጸሓፊዎች ዶሮቲን ለባሏ እንደ ተሰጠ መስቀል ብቻ አድርገው ይቈጥሯታል፤ ይህ አነጋገር ያሳዝነኛል፤ እርሷም የምትሸከመው የራሷ መስቀል ነበራትና። በታኅሣሥ 1800 ዓ.ም. ኬሪ የተልእኮውን የመጀመሪያ ሕንዳዊ አማኝ ክሪሽና ፓልን ከገዛ ልጁ ከፌሊክስ ጋር በሁግሊ ወንዝ ሲያጠምቅ፣ በዳር ያሉት ሲዘምሩ፣ እርሷ በቤቷ ተዘግቶባት ትጮህ ነበር። የዚያን ቀን መዝሙሩ ብቻ ወደ እግዚአብሔር ጆሮ ደረሰ ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር፣ እኔ አላምነውም።

የኬሪንም አመስጋኝነት ከቃጠሎው በኋላ ካደረገው ይልቅ የሚያስረዳኝ ሌላ ነገር ነው። የጆሹዋ ሚስት ሐና ማርሽማን ለተግሣጽና ለእንክብካቤ የተራቡትን ልጆቹን እንደ እናት ያዘቻቸው፤ የሥራ ባልደረባቸው ዊልያም ዋርድም ታላላቆቹን ወደ ራሱ አቀረባቸው፤ ኬሪም ይህን ርዳታ ሳያፍር ተቀበለ። ሚስቱንም ወደ እብዶች ቤት መስደድ እንቢ ብሎ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ፣ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ባለው ክፍል አኖራት።